የጠፋ ኳስና ውሃ የገባ ኳስ፦ ከቦሩ ሜዳ የተማርኩት

ደሴ የጎልፍ ሜዳ የላትም። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ግን ጎልፍ ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። አንዱ ጓደኛችን ዱባይ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲንከባከብ ኖሮ ሲመለስ አምስት አሮጌ ዱላና አንድ ፌስታል ኳስ ይዞ መጣ፣ በዚያው ተጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቦሩ ሜዳ ወጥተን፣ ባለከብቶቹን አስፈቅደን፣ ከግጦሹ ጥግ ላይ እንለጋለን። ጉድጓዶቹን የቆፈርናቸው ራሳችን ነን።

ስለ ዱላ አያያዝ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ዛሬ ብዙ ስላከራከረን ነገር ነው፦ ኳስ ሲጠፋና ውሃ ሲገባ።

መጀመሪያ ላይ ኳስ ሲጠፋብን፣ ጠፋ ብለን ያሰብንበት ቦታ ሌላ አስቀምጠን አንድ ምት ጨምረን እንቀጥል ነበር። ሕጉን አውርጄ ሳነበው ለካ እንደዚያ አይደለም። መፈለግ ከጀመርክ 3 ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ፤ በፈረንጆቹ ከ2019 በፊት 5 ነበር። ካላገኘኸው ወደ መታህበት ቦታ ተመልሰህ፣ አንድ የቅጣት ምት ጨምረህ እንደገና ትመታለህ። የጠፋው የመጀመሪያው ምትህ ከሆነ የሚቀጥለው ሦስተኛ ነው። ምቱም ርቀቱም ይሄድብሃል።

መድኃኒቱ ፕሮቪዥናል የሚሉት ተጠባባቂ ኳስ ነው። ይጠፋል ብለህ ከጠረጠርክ ለፍለጋ ከመሄድህ በፊት ሌላ ትመታለህ፤ የመጀመሪያው በጊዜው ከተገኘ በእሱ ትቀጥላለህ። ግን ከመምታትህ በፊት «ፕሮቪዥናል ነው» ብለህ መናገር አለብህ። ባለፈው ነሐሴ ጉም ሜዳውን ውጦት ሳለ ጓደኛዬ «ሌላ ልምታ» ብቻ ብሎ መታ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያውን ኳስ ጥሩ ሣር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አልዳነም። «ሌላ ልምታ» አይበቃም፣ ጨዋታው በሁለተኛው ኳስ ሆኗል። አንጀቴን በላው፣ እንዲያው «አብሽር» ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ውሃው። ሜዳውን አንድ ጅረት ያቋርጠዋል። ውሃ ያለበት ቦታ ምልክት ባይኖረውም የቅጣት ክልል ነው። የቅጣት ክልል በቀይ ወይም በቢጫ ምልክት ይለያል፣ ቀለሙ ካልተለየ ደግሞ እንደ ቀይ ይቆጠራል። ከቻልክ ያለ ቅጣት ከውስጡ ትመታለህ። ካልቻልክ በአንድ የቅጣት ምት ወደ መታህበት ትመለሳለህ፣ ወይም ኳሱ ክልሉን ካቋረጠበት ነጥብና ጉድጓዱ ላይ ካለው ባንዲራ ጋር በቀጥታ መስመር ወደ ኋላ ትወጣለህ፣ ወይም ካቋረጠበት ነጥብ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳትጠጋ፣ ከጉልበት ከፍታ ትጥላለህ። የመጨረሻው ምርጫ ቢጫ ምልክት ባለው ክልል ላይ የለም። ልብ በሉ፣ የሚለካው ውሃው ቦጭ ካለበት ሳይሆን ኳሱ ጠርዙን ካለፈበት ነው።

ዋናው ጭቅጭቃችን ግን እዚህ ነው። ጅረቱ ዳር ረጅም ሣር አለ። ኳሱ ወደዚያ ይሄዳል፣ ቦጭ ሲል ማንም አልሰማም፣ እኛ ግን «ውሃ በልቶታል» እንላለን፣ ምክንያቱም የውሃው ቅጣት ይቀላል። ሕጉ ውሃ መግባቱ መታወቅ አለበት ይላል፣ ወይም ቢያንስ 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን አለብን። ሣሩ ውስጥም ሊሆን ከቻለ የጠፋ ኳስ ነው፣ ተመለስ። ይህን ከያዝን ወዲህ አንድ ሰው ሁልጊዜ ጅረቱ ጋ ቆሞ ያያል።

አንድ ቀን ደግሞ ትንሽ እረኛ የቆመ ኳሴን አንስቶ ሮጠ። ሁላችንም አይተናል። በ1744 ስኮትላንድ ሌዝ ላይ በተጻፈው የመጀመሪያ ሕግ ቢሆን፣ ሰው ያነሳው ኳስም እንደጠፋ ተቆጥሮ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ምት እከፍል ነበር። በዛሬው ግን ኳሱ የነበረበት ቦታ ሌላ አስቀምጬ ያለ ቅጣት ቀጠልኩ። ይሄ በጣም ደስ ያለኝ ለውጥ ነው፣ ልጁ ምን አጠፋ፣ እኔስ ምን አጠፋሁ?

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ዝናብ ያቆረው ውሃ የቅጣት ክልል አይደለም፣ ጊዜያዊ ውሃ ነው፣ ያለ ቅጣት ትወጣለህ። ከጅረቱ ጠርዝ አልፎ የተንጣለለው ውሃም እንዲሁ። ስለዚህ ጠርዙ የት እንደሆነ ካልታወቀ በየምቱ መከራከር ነው። የባሕር ዛፍ ችካል ቀይ ቀለም ቀብተናል፣ ቅዳሜ ጅረቱ ሳይሞላ እንተክላለን።