አምስተኛዋን ሯጭ ፎቶ ማንሳት

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የምማረው ስላቸው ብዙ የኛ ሰዎች «አይዞሽ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ከዛ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ» ነው የሚሉኝ፣ ልክ የታመመ ሰው እንደሚያጽናኑ። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለፈው ዓመት በዚሁ ኮሌጅ ዲጂታል ፎቶግራፊ ወስጃለሁ፣ በክሮስ ካንትሪ (አገር አቋራጭ ሩጫ) ቡድኑም ውስጥ ነበርኩ፣ እና ስለነዚህ ሁለቱ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት መሰላችሁ፣ ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኔ ያለሁት ካሊፎርኒያ ነው፣ እዚህ 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ፣ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ዩኒት (ኮርስ የሚለካበት ነው) 46 ዶላር ነው፣ ከ2012 ጀምሮ አልጨመረም። 12 ዩኒት ማለት እንግዲህ 552 ዶላር ነው፣ ሌሎች ትንንሽ ክፍያዎች ሳይቆጠሩ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ደግሞ ፕሮሚስ ግራንት የሚባለውን ሞልቶ የዩኒቱን ክፍያ ላይከፍል ይችላል። ስፖርቱ ላይ ግን ሕግ አለ። ለኮሌጁ ለመወዳደር በዛ ሴሚስተር ቢያንስ 12 ዩኒት መያዝ ግዴታ ነው፣ ለሁለተኛ ሲዝን ደግሞ 24 ዩኒት መጨረስና አማካይ ውጤት ከ2.0 አለመውረድ። ልምምዱ ራሱ እንደ ኮርስ ተመዝግበን የምንወስደው ነው፣ ሳይመዘገቡ ዝም ብሎ መሮጥ የለም። እዚህ ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ ስለዚህ ከኔ ጋር በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 6 ላይ ሜዳ የሚገኙት ልጆች በሙሉ ለሩጫው ምንም ሳይከፈላቸው ነው የሚሮጡት፣ አብዛኞቹ ከዛ በቀጥታ ስራ ይሄዳሉ። ይሄን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ፎቶግራፊውን የወሰድኩት በእውነቱ 9 ዩኒት ይዤ 3 ስለጎደለኝ ነው። የኮሌጁ ምክር ሰጪ ሰዓቱ የሚመቸኝን ስትፈልግ አገኘችልኝ፣ ተመዘገብኩ፣ በቃ።

አስተማሪው የመጀመሪያው ቀን ካሜራ እንኳን አላሳየንም፣ አንድ የድሮ ፎቶ ነው ስክሪኑ ላይ የለቀቀው። ማይብሪጅ የሚባለው ሰውዬ በ1878 እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ የባለሀብቱን የሊላንድ ስታንፎርድን ፈረስ ያነሳው ነው። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ አንድ ላይ ከመሬት ይነሳሉ ወይስ አይነሱም የሚለው ነገር ያኔ ሰውን ያከራክር ነበር፣ በዓይን አይታይማ፣ በጣም ፈጣን ነው። ማይብሪጅ 12 ካሜራ በተርታ ደርድሮ፣ ፈረሱ ሲያልፍ እየነካ የሚያስነሳቸው ክር ዘርግቶ፣ አራቱም እግር አየር ላይ እንደሚሆን አሳየ። አስተማሪው «የስፖርት ፎቶ እዚህ ነው የጀመረው፣ ከኛ ብዙም ሳይርቅ» አለ። እኔ ደግሞ ያኔ በሳምንት 70 ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ፣ ሁለቱም እግሮቼ በስንተኛው ሰከንድ አየር ላይ እንደሚሆኑ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዛ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ቅልጥሜን ማመም ጀመረኝ። ችላ አልኩት፣ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው፣ ሯጮች ካላችሁ አጥንታችሁን አንድ ነጥብ ላይ ስትጫኑት የሚያም ከሆነ ያንኑ ቀን አቁማችሁ ታዩ። ስንጥቅ ነበር። ቢያንስ 6 ሳምንት ሩጫ የለም፣ እግሬ ላይ የሚታሰር ቡት ሰጡኝ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሰልጣኛችንን ልነግረው ስሄድ ትንሽ ዝም አለና «የፎቶ ክላስ እየወሰድሽ አይደል? እንግዲያው ካሜራሽን ይዘሽ ከቡድኑ ጋር ነይ» አለኝ። የሴሚስተሩ ፕሮጀክቴም በዛው ተወሰነ።

ካሜራውንና ሌንሱን ከኮሌጁ ነው የተዋስኩት። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ከ400 በላይ አንስቼ የረቡት 11 ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ውድድሩ ጠዋት ነው፣ ዛፍ ስር ነው፣ ጥላው ከባድ ነው፣ እኔ ደግሞ ሻተሩን፣ ማለት ብርሃን ለስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነውን፣ 1/250 ሰከንድ ላይ ትቼዋለሁ። የሚራመድ ሰው በ1/250 ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የሚሮጥ ሰው ግን ገላው ጥሩ ሆኖ እጅና እግሩ ይሟሟል። ወደ 1/1000 ስትወጡ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሩብ ይሆናል፣ ያንን ከሆነ ቦታ መተካት ግድ ነው፣ ወይ አፐርቸሩን (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) ትከፍቱታላችሁ ወይ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ400 ወደ 1600 ታወጡታላችሁ። ርካሽ ሌንስ ደግሞ ዙም ሲደረግ አፐርቸሩ ብዙ አይከፈትም፣ ስለዚህ አይኤስኦው ነው የሚወጣው፣ ፎቶውም ትንሽ ይሻክራል። ይሻክር! የተሻከረ ፎቶ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይመለስም። ፎከሱን ደግሞ ተከታታይ ላይ አድርጉት፣ ሯጩ ወደናንተ ሲመጣ ካሜራው አብሮት እየተስተካከለ ይሄዳል፣ አለዚያ ሯጩ የነበረበት ሳር ነው ጥርት ብሎ የሚወጣው።

ቡቱ ስላለ መንበርከክ አልችልም ነበር፣ ስለዚህ ሳሩ ላይ ዘርፈጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ይሄ ሳላስበው ጠቀመኝ፣ ከታች ሲነሳ የሯጩ እግርና የመሬቱ መሀል ያለው ክፍተት ይታያል፣ ሁለቱም እግር አየር ላይ የሆነበት ቅጽበት ግልጽ ብሎ ይወጣል። ቆሞ የሚነሳ ፎቶ ላይ ሯጮች ሁሉ የተለጠፉ ነው የሚመስሉት።

የከበደኝ ነገር ግን ፊት ነው። ቡድናችን ውስጥ ከኔ ሌላ ሁለት ጠቆር ያሉ ልጆች አሉ፣ እና የነሱ ፊት ሁሌ ጨለማ ይሆንብኛል፣ ዓይናቸው ሁሉ አይታይም። በፊት የካሜራው ችግር አድርጌ አልፌው ነበር፣ ግን አስተማሪው ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው፣ ከኋላ ብሩህ ሰማይ ካለ ያንን ለማብረድ ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ጥቁር ፊት ነው። በፊልም ዘመን የኮዳክ የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት እንደነበረችም የነገረን ያኔ ነው፣ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር፣ የሰው መልክ ሁሉ በሷ ነበር የሚለካው። ይሄን ስሰማ በልጅነቴ ከክላስ ልጆች ጋር የተነሳሁት ፎቶ ትዝ አለኝ፣ ጥርሴ ብቻ የሚታይበት። ከዛ በኋላ መለኪያውን አላምነውም፣ ማኑዋል ላይ አደርገውና ፊታቸው በሚፈልገው ልክ ብርሃኑን እወስናለሁ፣ ሰማዩ ነጭ ከሆነ ይሁን። ሰማዩን ማን ፈልጎት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሦስተኛው ውድድር አልቆ ፎቶዎቹን አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ እያሳየኋቸው ነበር፣ ሁሉም ከበውኝ፣ እየጮሁ። አንደኛችን አለች፣ ሁለተኛችን አለች፣ ሦስተኛችን በጣም ቆንጆ ወጥታለች። ከኋላ አንዷ «እኔ የለሁበትም እንዴ?» አለች። ዞሬ አየኋት። አምስተኛችን ናት፣ ከሁላችን በዕድሜ ትልቋ፣ ማታ ማታ ትሰራለች፣ ልጅ አላት፣ በዚህ ሁሉ ላይ አንድም ቀን ከልምምድ ቀርታ አታውቅም። ፎቶዎቹን ወደላይ ወደታች ፈለግኩ፣ የለችም። የዛን ቀን ብቻ አይደለም፣ በሦስቱም ውድድር የለችም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሦስተኛችን ካለፈች በኋላ ካሜራውን አውርጄ ስክሪኑ ላይ ያነሳሁትን ነበር የማየው፣ እሷ እኮ በዛው ሰዓት ፊት ለፊቴ እያለፈች ነበር።

ይሄ ለምን እንዳንገበገበኝ የክሮስ ካንትሪ ነጥብ አያያዝ ካልገባችሁ አይገባችሁም። አንድ ቡድን 7 ሯጭ ያሰልፋል፣ የ5ቱ ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ከ1 እስከ 5 ተከታትሎ የገባ ቡድን 15 ነጥብ ያገኛል፣ ከዛ የሚያንስ የለም። ፊት ላይ ሯጮቹ ተራርቀው ነው የሚገቡት፣ አንደኛችን 20 ሰከንድ ብታሻሽል ምናልባት አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው የምታልፈው። መሀል ላይ ግን ሰዉ ተጨናንቆ ነው የሚመጣው፣ እዛ ያለችው አምስተኛችን 20 ሰከንድ ብታሻሽል አስር አስራ አምስት ሰው ልታልፍ ትችላለች፣ እያንዳንዷ ሰው ደግሞ አንድ ነጥብ ናት። የሷና የአንደኛዋ ነጥብ እኩል ነው የሚደመረው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚወሰነው ማንም ካሜራ በማይጠብቅበት ቦታ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችን ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም በአምስቱም ዓመት እንዳሸነፈ እንናገራለን፣ መናገርም አለብን፣ ግን ለቡድን ሜዳሊያው ከኋላው እየገቡ ነጥብ ያስቆጠሩትን ልጆች ስም ጥሩ ብንባል ስንቶቻችን ነን የምንጠራ?

ለክላሱ አንድ የሚጻፍ ነገር ነበረብን፣ እና እኔ ስለ ማክ ሮቢንሰን ጻፍኩ። የታዋቂው ቤዝቦል ተጫዋች የጃኪ ሮቢንሰን ታላቅ ወንድም ነው፣ ሁለቱም እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የተማሩት፣ ያኔ ጁኒየር ኮሌጅ ነበር የሚባለው። ጃኪ በ1938 የወንድሙን የርዝመት ዝላይ ሪከርድ ሰብሮ 25 ጫማ ከ6 ኢንች ተኩል ዘለለ፣ በዛኑ ቀን ደግሞ በመኪና ሌላ ከተማ ሄዶ ቤዝቦል ተጫወተ። ማክ ግን በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ 200 ሜትር ላይ ሁለተኛ ነው የወጣው፣ ከጄሲ ኦወንስ ኋላ፣ ልዩነታቸው 4 አስረኛ ሰከንድ። የኦወንስን ፎቶ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ማክ አገሩ ተመልሶ የኦሎምፒክ ልብሱን ለብሶ የፓሳዴናን መንገድ ይጠርግ ነበር። ይሄን የጻፍኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነገራችን ላይ ጸደይ ላይ በትራክ ሲዝን የፎቶ ፊኒሽ ካሜራውን ከሚያሰራው ሰውዬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ያ ካሜራ መስመሩን ብቻ ነው የሚያየው፣ በጣም ቀጭን ፍንጣቂ፣ እሷኑ በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዛ በላይ እያነሳ ጎን ለጎን ይሰፋታል። ስለዚህ በዛ ፎቶ ላይ ግራና ቀኝ ቦታ አይደለም፣ ጊዜ ነው። አንዳንድ እግር ተለጥጦ ይታያል፣ መስመሩ ላይ ቆየት ስላለ ነው። የሚቆጠረው ደግሞ ደረት ነው፣ ጭንቅላትም እጅም እግርም አይደለም። እና በዛ ካሜራ አንደኛም ስምንተኛም እኩል ነው የሚነሱት፣ አንድም ሰው አይዘልም።

ከአውቶቡሱ ቀን በኋላ ለፕሮጀክቱ አንድ ሰው ብቻ ልከተል ብዬ ወሰንኩ፣ አምስተኛችንን። አስተማሪው «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ፣ ነኝ አልኩት። ልምምድ ላይ አነሳኋት፣ ጫማዋን ስታስር፣ ከስራ ደርሳ መኪና ውስጥ ልብስ ቀይራ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያለውን ድካም፣ ፈቃዷን እየጠየቅኩ። የኮንፈረንሱ (ኮሌጃችን ያለበት ሊግ) ውድድር ቀን የሴቶቹ 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ እኔ መጨረሻው 300 ሜትር ላይ ገመዱ ስር ተቀመጥኩ። 1/1000፣ አይኤስኦ 800፣ ፀሐይ ከጎን። አንደኛዋ አለፈች፣ አላነሳሁም። አራታችን እስኪያልፉ እጄ ላይ ያለው ላብ ሌንሱን ያንሸራትተዋል።

ከዛ መጣች፣ ስምንት ዘጠኝ ሆነው ተጠጋግተው። እፊቴ ላይ ሁለት አለፈች፣ ከኔ ካለፈች በኋላም ሌላ ሁለት። ውጤቱ ሲለጠፍ አራተኛውን ቡድን በ2 ነጥብ በልጠን ነው ሦስተኛ የወጣነው። አሰልጣኙ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ስሟ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ምንም አላለም፣ ዞሮ አቀፋት።

ፎቶዋ ፍጹም አይደለችም፣ የግራ እጇ ጠርዙ ላይ ተቆርጧል፣ ክላስ ውስጥ ስንተቻች ሁለት ልጆች እሱኑ ነው ያነሱት፣ ልክ ናቸው። ግን ሁለቱም እግሯ አየር ላይ ነው፣ ፊቷ ላይ ብርሃን አለ፣ ዓይኗ ይታያል። ትልቅ አድርጌ አሳተምኩትና ለኤግዚቢሽኑ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ።

ልታየው የመጣችው ከስራ በፊት ነው፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ። ረጅም ሰዓት ቆመች። ስለራሷ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ እሷ ፎቶው ላይ ከትከሻዋ ኋላ ያለችውን ልጅ በጣቷ አሳየችኝ፣ በዛች ሰከንድ እያለፈቻት ያለችውን የሌላ ኮሌጅ ልጅ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ተጨፍኖ። «ይቺ ስንተኛቸው ናት?» አለችኝ። ስልኬ ላይ ውጤቱን ከፍቼ በቁጥሯ ፈለግኩ።

አምስተኛቸው ነበረች።

«ለሷም አንድ ኮፒ አሳትሚላት፣ አሰልጣኛቸው ጋ እንልክላታለን» አለችኝና ሰዓቷን አይታ ሮጠች።