ከወገብ ጀርባ ያለችው እጅ

ለንደን፣ ሳውዝፊልድስ ባቡር ጣቢያ የደረስኩት በማለዳ ነው። ከባቡሩ የወረደው ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራል፤ እኔም ተከተልኩ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2024፣ የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር የመጀመሪያ ሳምንት ነበር። ፓርኩ ውስጥ ቁጥር ያለበት የወረፋ ካርድ ተቀብዬ ቆምኩ። ከፊቴ የነበሩ እናት ማንን ለማየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «የጥንድ ጨዋታ፣ ሁለት ለሁለት የሚገጥሙትን» አልኳቸው። «እሱን እኮ በቴሌቪዥን ብዙም አያሳዩትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔንም እዚህ ድረስ ያመጣኝ ይኸው ነው።

ትልልቆቹ ሜዳዎች ጋ አልሄድኩም። ዳር ካሉት ትንንሽ ሜዳዎች በአንዱ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦታ አገኘሁ። የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። የነጠላ ሜዳ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው። ለጥንድ ጨዋታ በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር ይጨመርና 10.97 ይሆናል። አራት ሰው ሲቆምበት ግን ይጠብባል። ኳሷ መረቡ ጋ አራት አምስት ጊዜ ስትመላለስ ዓይኔ መከተል አቃተው።

ስለዚህ ኳሷን ተውኩና አንዲት እጅ ማየት ጀመርኩ።

መረቡ ጋ የቆመው ተጫዋች ሰርቭ ለሚያደርገው፣ ማለትም ነጥቡን የሚጀምረውን ምት ለሚመታው አጣማሪው ጀርባውን ሰጥቷል። ግራ እጁን ከወገቡ ኋላ ይደብቃል። መጀመሪያ ጣት ያሳያል፤ ሰርቩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ቀጥሎ የተጨበጠ እጅ ወይም የተዘረጋ መዳፍ፤ ቦታዬ እቆያለሁ ወይም ኳሷን ለመጥለፍ ወደ ጎን አቋርጣለሁ ማለት ነው። ምልክቱ ከጥንድ ጥንድ ይለያያል። ከኋላ ያለው «እሺ» ይላል። ኳሷ ስትመታ የፊተኛው ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ጎን ይፈተለካል። ሰርቩ የተባለበት ካላረፈ ጥሎት የሄደው ቦታ ባዶውን ይቀራል። የዚህ ሙያ ልቡ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ኳሷን ያልመታው ሰው ነው።

ስድስት እኩል ሆነው ታይብሬክ፣ ማለትም አሸናፊውን የሚለየው አጭር ጨዋታ ውስጥ ገቡ። ያ የፊተኛው ቀላል ኳስ መረብ ውስጥ ከተተ። ፊቱ ጠቆረ። አጣማሪው ከኋላ መስመር ድረስ መጥቶ መዳፉን መታ አደረገለት፤ ከዚያ አፉን በኳስ ሸፍኖ የሆነ ነገር አለው። በሚቀጥለው ነጥብ ያቺ እጅ እንደገና ከወገብ ጀርባ ሄደች። የተዘረጋ መዳፍ ነበር። አቋረጠም።

እንዲህ ያለ መተማመን በአንድ ቀን አይመጣም። አሜሪካውያኑ የጥንድ ተጫዋቾች ቦብና ማይክ ብራያን መንትዮች ናቸው፤ አንዱ ግራኝ፣ ሌላው ቀኝ። አብረው 119 ዋንጫ አንስተዋል፤ 16ቱ የግራንድ ስላም፣ ማለትም የአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦብ ዳሌውን ተጎድቶ ከውድድር ሲርቅ ማይክ ከጃክ ሶክ ጋር ተጣምሮ እዚሁ ዊምብልደን አሸነፈ። አብዛኛው የጥንድ ተጫዋች ግን መንትያ የለውም። ውድድር ለመግባት የሁለቱ ደረጃ ተደምሮ ይታያል። ስለዚህ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ስልክ እየደወለ አዲስ አጣማሪ ያፈላልጋል። ሽልማቱም ከነጠላው በጣም ያንሳል፤ እሱም ለሁለት ይካፈላል። የበረራውና የአሰልጣኙ ወጪ ግን ያው ነው።

ዕድሜ የሚሰጥ ሙያ መሆኑ ደስ ይለኛል። በዚያው በ2024 ጃንዋሪ ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና በ43 ዓመቱ ከማቲው ኤብደን ጋር አውስትራሊያን ኦፕንን አሸንፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥንድ ጨዋታ የዓለም አንደኛ ሆኗል።

ጨዋታው አለቀ። እጁን ሳይ የዋልኩት ተጫዋች ከነአጣማሪው ተሸነፈ። ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ወንበሩ ላይ ቀረ። አጣማሪው የራሱን ዕቃ ከሰበሰበ በኋላ የእሱንም ራኬቶች አንድ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከተተለት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።