እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣው ኮፈን

ኮምቦልቻ ላቫጆ ቤት ስሠራ የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ። መኪና የምታጥቡ፣ ሰም የምትቀቡ፣ በተለይ ደግሞ ቀለም ቤት አጠገብ የምትሠሩ ካላችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የአንድ ትልቅ ሰው ሥራ ሁለት ጊዜ ተበላሽቷል፤ ምክንያቱ እኔ መሆኔን ያወቅሁት ደግሞ ዘግይቼ ነው።

ግቢያችን የጋራ ነው። በሩን እንደገባችሁ በስተቀኝ እኛ እናጥባለን። ቀጥሎ ጎሚስታው አለ። ከጀርባ ደግሞ ቦዲ የሚቀጠቅጡና ቀለም የሚረጩ ሰዎች ይሠራሉ። ቀለም የሚረጩት ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። የቀለም ክፍል የሚባል ነገር የላቸውም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሁለቱን ጎን በሸራ ጋርደው፣ አቧራው እንዳይነሳ መሬቱን ውሃ አጠጥተው ነው የሚረጩት። በዚያ ሁኔታ የሚያወጡትን ሥራ ያየ ሰው ግን እውነት እዚህ ነው የተቀባው ብሎ ይጠይቃል።

ያን ሰሞን አዲስ የሚረጭ ሰም ይዤ መጥቼ ነበር። ደሴ ለጉዳይ ወጥቼ ስመለስ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው የገዛሁት። ያኔ ስመርጥ የማየው ሦስት ነገር ነበር፦ ያብረቀርቃል ወይ፣ ቶሎ ይወለወላል ወይ፣ ሽታው ደስ ይላል ወይ። ይሄኛው ሦስቱንም አሟልቷል። ጠርሙሱ ፊት ላይ ካርናውባ ይላል፣ የቅጠል ሥዕልም አለው። ረጨት አድርጌ በጨርቅ ሳብ ሳደርገው መኪናው እንደ መስታወት ፊቴን ያሳየኛል። ደንበኞቼም ወደዱት። ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚመጡ ሹፌሮች ሳይቀሩ ጋቢናውን ቀባልኝ ይሉኝ ጀመር።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። አንድ ነጭ ኮሮላ ከደሴ በሚወርደው የሐረጎ መንገድ ላይ ከፊቱ የነበረውን አይሱዙ ገጭቶ መጥቶ ነበር። ኮፈኑና የቀኝ ፓራፋንጎው ተጎድቷል። ባለቤቱ እሁድ የእህቱ ሠርግ ስለሆነ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዲደርስለት ለመነ። ቀጥቃጮቹ ቀደም ብለው አስተካክለውት፣ ስቱኮው ተሞልቶ፣ ተሸርሽሮ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቀለሙን ረጩ። እኔ በዚያን ሰዓት የራሴን ሥራ እየሠራሁ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሸራው ጀርባ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሲናደዱ ሰምቻቸው ስለማላውቅ ጨርቄን ጥዬ ሄድኩ።

ኮፈኑ ላይ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ወጥተዋል። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው እያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያው ከፍ ብሎ መሃሉ ባዶ ሆኖ የታችኛው ግራጫ ይታያል። ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። እንጀራ ላይ ሲሆን ያምራል፣ ኮፈን ላይ ግን ጋሼን አስቀመጣቸው። ፈረንጆቹም የዓሣ ዓይን ይሉታል አሉኝ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ኮምፕሬሰሩን ነው። ትክክልም ነበሩ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ከዚያ ይመጣልና። በርሜሉ ውስጥ ውሃ ወይም የሞተር ዘይት ከተጠራቀመ ከአየሩ ጋር ወጥቶ ቀለሙን ያበላሸዋል። ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍተው ውሃውን አፈሰሱ፣ ማጣሪያውን አጸዱ፣ የቀለም መርጫ ሽጉጡን ፈታተው በቲነር አጠቡ። ቀለሙ ሌሊቱን ደርቆ ዓርብ ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ሸረሸሩትና ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ እንደገና ረጩ። እንደገና ዓይን አወጣ። እንዲያውም በዛ።

ጎሚስታው አንድ ነገር ነገራቸው። አንዳንድ ቀለም ቤት ቀለሙ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የሚጨመር መድኃኒት አለ፣ ዓይኑን ይደፍነዋል አለ። ጋሼ ያውቁታል። እምቢ አሉ። ያ ጠብታ ራሱ የሲሊኮን፣ የዚያ የሚያንሸራትት ዘይት፣ ዘር ነው፣ አንዴ ሽጉጤ ውስጥ ከገባ ነገ የሌላ ሰው መኪና ላይ ይወጣብኛል አሉ። ከዚያ ሻይ አስመጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ዝም ብለው ግቢውን ያዩ ጀመር። እኔ አንድ ቪትዝ ላይ ሰሙን እየረጨሁ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ በሸራውና በቆርቆሮው መሃል ባለው ክፍተት ትገባለች። በዚያ የብርሃን መስመር ውስጥ ከጠርሙሴ የሚወጣው ጉም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንደ ዕጣን ጭስ ቀስ እያለ ነፋሱ ይዞት በቀጥታ ወደ እሳቸው ሸራ ይሄዳል።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ጠርሙስ ይዘህ ና እስቲ» አሉኝ።

ይዤ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና ረዳታቸውን ጠሩ። ኮፈኑን ከመርጨቴ በፊት በምን ጨርቅ ነው አቧራውን ያነሳኸው ብለው ጠየቁት። ልጁ ወደ እኛ የልብስ ማስጫ ገመድ አመለከተ። የኔ ጨርቅ ነው። ታጥቦ የደረቀ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ የሚመስል ማይክሮፋይበር።

እኔ እውነቱን ለመናገር አላመንኩም ነበር። ታጥቧል እኮ ጋሼ አልኳቸው። እሳቸው አልተከራከሩኝም። ሁለት የቆርቆሮ ቁራጭ አመጡ፣ የመጽሐፍ ያህል የሚሆኑ። ሁለቱንም ሸርሽረው በቲነር ጠረጉ። አንዱን በአዲስ የጥጥ ጨርቅ፣ ሌላውን ከገመዱ ላይ ባወረዱት የኔ ጨርቅ ደባበሱት። ከዚያ እኔን ጠርሙሴን ይዤ ውጭ በር ድረስ እንድሄድ አድርገው፣ ጉሙ እስኪጠፋ ጠብቀው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ሽጉጥ፣ በአንድ ቀለም ረጩ። መጥቼ አየሁ። የመጀመሪያው እንደ ወተት ተኝቷል። ሁለተኛው ላይ ዓይኖቹ ሲከፈቱ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው። ቀለሙ ከነጥቧ እየሸሸ ክብ እየሠራ ሲያፈገፍግ።

ጋሼ እንዲህ አስረዱኝ። ቅቤ የተቀባ እጅህ ላይ ውሃ ብታፈስ ይሸሻል አይደል፣ አይያዝም። ሲሊኮን ያለበት ቦታ ላይ እርጥብ ቀለም ሲያርፍም እንደዚያው ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ አያስፈልግም፣ በዓይን የማይታይ ጠብታ ይበቃል። በሳሙና መታጠብም በቀላሉ አያወጣውም። የጨርቁ ክር ውስጥ ይቀራል።

ስለ ሰሙ ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት። ካርናውባ የሚገኘው ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው ነው ይባላል፣ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም። እንግዲህ እንዲህ የጠነከረ ነገር በጠርሙስ ሊረጭ የሚችለው ከውሃና ከማሟሟያ ጋር ተዋሕዶ ነው፣ እንዲያንሸራትትና በአንድ ሳብ እንዲያበራ ደግሞ ብዙዎቹ አምራቾች የሲሊኮን ዘይት ይጨምሩበታል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ካርናውባ ማለቱ ሲሊኮን የለውም ማለት አይደለም። የቅጠሉ ሥዕልም ምንም አይነግራችሁም። ሴራሚክ የሚሉት አዲሱ የሚረጭም ብዙውን ጊዜ ከዚያው ቤተሰብ የመጣ ነገር አለበት። ከሁሉም የባሰው ዳሽቦርድና ጎማ ማብሪያው ነው፤ አብዛኛው ዋና ሥራውን የሚሠራው በሲሊኮን ነው። እኔ ደግሞ እሱንም በየቀኑ እረጭ ነበር።

ሲሊኮን በራሱ ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ቀለም ቤት አጠገቡ ለሌለ ሰው፣ ቀለሙ ለቆየ መኪና፣ ጥሩ ሰም ነው። ውሃው ጠብታ ሆኖ ይንከባለላል፣ ጭቃ በቀላሉ ይለቃል። ችግሩ እኔ የምሠራበትን ቦታ ሳላይ ጠርሙሱን ብቻ አይቼ መግዛቴ ነው። ቀለም ቤት ላለበት ግቢ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ሲሊኮን የለውም ወይም ቦዲ ሾፕ ሴፍ (ለቀለም ቤት የማያሰጋ) ተብሎ ይጻፋል። ያ ጽሑፍ ከሌለ አለው ብሎ ማሰብ ይሻላል፣ ምክንያቱም የውስጡን ዝርዝር የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው።

ቅዳሜን እንዴት እንደሠራን ልንገራችሁ፣ ሰዓት ስለሌለን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የገባነው። ጋሼ መጀመሪያ እንዳትሸረሽሩ አሉ። ቅባቱ ሳይነሳ ብርጭቆ ወረቀት ካረፈበት ጭረቱ ውስጥ ይገባና ከዚያ ወዲያ ማውጣቱ ጣጣ ነው። ስለዚህ በቅባት ማስወገጃ ጀመሩ። አንዱን ጨርቅ አርሰው ይጠርጋሉ፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያነሳሉ። እንዲደርቅ ከተተወ ቅባቱ እዚያው ተመልሶ ይቀመጣል። በየጊዜው ጨርቁን ያገላብጣሉ፣ ሲቆሽሽ ይጥላሉ። ከዚያ ሸረሸሩ፣ እንደገና በማስወገጃው ጠረጉ፣ ከዚያ ረጩ። እኔ የዚያን ቀን አንድ ጠርሙስ አልነካሁም። በውሃና በሻምፖ ብቻ ነው ያጠብኩት፣ ሰም የፈለገውን ደንበኛ ሰኞ ና አልኩት። ኮፈኑ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የቀለሙንና የቲነሩን ዋጋ እከፍላለሁ ስላቸው ጋሼ ግማሹን ብቻ ተቀበሉኝ። «አብሽር፣ ጨርቁን ያነሳው የኔው ልጅ ነው» አሉኝ።

ባለቤቱ ማታ ሲመጣ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ነገ ሠርግ ነው፣ ያንን የሚያበራውን ነገር ቀባልኝ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛን እምቢ አልኩ። ጋራዥ የተረጨ አዲስ ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው፤ የያዘው ማሟሟያ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወጣል። ላዩን በሰም ከደፈንከው ታፍኖ ይቀራል። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ጠብቁ ነው የሚባለው። በፋብሪካ የተቀባ አዲስ መኪና ሌላ ነው፣ እሱ በምድጃ ሙቀት ደርቆ ነው የሚወጣው። ቅር ብሎት ሄደ።

አሠራሬንም ቀየርኩ። አሁን መኪናው ላይ አልረጭም፣ ጨርቁ ላይ ነው የምረጨው። ጉሙ አየር ላይ አይንሳፈፍም፣ ሰሙም ይቆጠባል። ደግሞ ቸርኬ አካባቢ ስረጭ ፍሬን ዲስኩ ላይ ያርፍ እንደነበር ያሰብኩት ያኔ ነው። ከደሴ ሐረጎን እየተጠማዘዘ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ላይ ቅባት ይዞ ሲወርድ አስቡት። ይህን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። የሰም ጨርቅና የማድረቂያ ጨርቅም በቀለም ለይቻለሁ፦ ቢጫው የሰም ነው፣ የሚታጠበውም የሚሰጣውም ለብቻው፣ ገመዱም ከግቢው ወዲያ ማዶ ተወስዷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ደሴ ያሉ ልጆች ስለሚጠይቁኝ። ከተሞቹ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፣ አየሩ ግን ለየቅል ነው። ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን ላይ ብትረጩ ሳትወለውሉት ይደርቅና ነጠብጣብ ይተዋል። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ካቃጠላችሁ ጥላ ሥር አቁማችሁ ጠብቁ። ደሴ ደግሞ ጠዋት በብርዱ መኪናው ጤዛ ይዞ ያድራል፣ ሳታደርቁ ብትቀቡት ይዝረከረካል። ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ፣ በአንድ ጨርቅ ቀብታችሁ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ጨርሱት። አቧራ ያለበት መኪና ላይ ግን በጭራሽ። አቧራውን እየጎተታችሁ ቀለሙን ትጭሩታላችሁ።

ባለ ኮሮላው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጠጋ ብለው አሸተቱት፣ ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው «አሁን ቀባለት» አሉ። ቢጫ ጨርቄን ይዤ፣ ሲሊኮን የለውም የሚለውን ጠርሙስ ይዤ፣ ከበሩ ማዶ አውጥቼ ቀባሁለት።

ሁለቱ ቆርቆሮዎች አሁን ላቫጆው ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል። አዲስ ልጅ ሲቀጠር ጠርሙስ ከማስያዜ በፊት ጣቱን ሁለቱም ላይ አስደርገዋለሁ።