ስምንት ቦንዳ ብርድ ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ስለቴ «በሰው ፊት እመሰክራለሁ» የሚል ነበርና ዘግይቼም ቢሆን ልክፈል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ተረክቤ አስረክባለሁ። ያለ ወጪ ደረሰኝ አንዲት ትራስ ከእጄ ወጥታ አታውቅም፤ ከአንድ ምሽት በቀር። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ከተማችን በተፈናቃይ ተሞላች። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቶች ሕፃን ታቅፈው በትምህርት ቤት ሲሚንቶ ላይ ያድሩ ነበር። አለቃዬ ማታ ደውለው «ስምንት ቦንዳ አውጪላቸው፤ ወረቀቱን ነገ እፈርማለሁ» አሉኝ። አወጣሁ። በየቦንዳው ሃያ፣ በድምሩ 160 ብርድ ልብስ። ነገ ግን ነገን እየወለደ ሄደ። ሁለት ጊዜ አስታወስኋቸው፤ ሦስተኛ ጊዜ ማስታወስ አፈርሁ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ አልክደውም።

በሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ጉድለቱ ወጣ። አለቃዬ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውረው ነበር። ሲጠየቁ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠቴን አላስታውስም» አሉ።

ሐምሌ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወረቀት ተሰጠኝ። አንዱ የእገዳ ደብዳቤ ነው። ሌላው «136,000 ብር ማጉደሌን አምኜ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ይላል። ካልፈረምሁ ጉዳዩ በማግስቱ ለፖሊስ እንደሚመራ ተነገረኝ። ደመወዜ 4,250 ብር ነው፤ ሳልበላ ሳልጠጣ 32 ወር ማለት ነው። ከፍርሃቴ የተነሣ እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር በሩን ገፍቶ ገብቶ «እኅቴ፣ ያልወሰድሽውን ወሰድሁ ብለሽ እንዳትፈርሚ» ባይለኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር። እግዚአብሔር ልጆቹን ያሳድግለት፤ በእኔ ምክንያት እርሱም ብዙ ፊት ተነሥቶታል።

ያን ሌሊት እንዴት ልንገራችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። የሰባት ዓመት ልጄ ከጎኔ ተኝቷል፤ ነገ እኔን ሲወስዱኝ ማን ቁርስ እንደሚሰጠው አስባለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ መኪና ደጃችን ቆመ። መብራቱ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ግድግዳውን ላሰው። መጡ አልሁ። ጫማዬን አደረግሁ፤ የልጄን ግንባር ሳምሁ፤ ቆሜ ጠበቅሁ። የጎረቤታችን ልጅ ከመንገድ ተመልሶ ኖሯል። መኪናው ከሄደም በኋላ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ያን ጊዜ ነው በአምላኬ ላይ የተነሣሁት። ውዳሴ ማርያም ሳላደርስ የማልተኛው ሴት መጽሐፉን ገፋሁት። «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክር አልነካሁም። ‹ታርዤ አልብሳችሁኛል› ያልኸው አንተ አይደለህም? ይኸው አለበስሁህ፤ ሌባ አሰኘኸኝ!» አልሁት። እንዲህ ነው ያልሁት፤ አላሳምረውም። እናቴ በጨለማው ውስጥ ተቀምጣ በመቁጠሪያ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች። «እማዬ፣ ተዪው፤ አይሰማም» አልኋት። አልተቆጣችኝም። «አንቺ ከደከመሽ ተኚ ልጄ፤ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ጋብ ሲል የከበሮ ድምፅ ሰማሁ። ለካ የሐምሌ ሥላሴ ነው! ጭንቀቴ በዓሉን አስረስቶኝ ነበር። ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አዩባት በምትባለው ከተማ ጭቃውን በዳበሳ እየረገጥሁ ሥላሴ ደረስሁ። ገብቼ ልሳለም ግን አፌ ያወጣው ቃል ከለከለኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስሁ።

«ልጄ፣ ምነው ከደጅ ቀረሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጥር ላይ ጡረታ የወጡት የበር ጥበቃችን ነበሩ። ስንሠራ «ጋሼ» እላቸው ነበር፤ ከወጡ ወዲህ አግኝቻቸው አላውቅም። ሁሉንም ነገርኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም አሉ።

«ስምንት ቦንዳ ነው። ነጭ አይሱዙ፤ ታርጋውን ጽፌዋለሁ። ያለ ወረቀት ሲወጣ ብፈራ አለቃሽ ዘንድ ራሴ ደወልሁ። ‹አዎ፣ ይውጣ› አሉኝ። ያንንም ከነሰዓቱ በበሩ መዝገብ ጽፌዋለሁ።»

ለሶስና ዳንኤልን ያስነሣ አምላክ! እኔ እየወቀስሁት ሳለሁ እርሱ ምስክሬን ከኅዳር ጀምሮ አስቀምጦልኝ ነበር። ጭቃው ላይ ተደፋሁ። ጋሼ ጨንቋቸው «ተነሺ፣ ብርድ ይመታሻል» ይሉኝ ነበር።

ወረቀቱን ሳልፈርም ቀረሁ፤ ነሐሴ ላይ አሰናበቱኝ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ የነገረኝ ያው ሊቀ መንበር ነው። ከሰስሁ። የበሩ መዝገብ ጠፍቷል ተባለ፤ ፍርድ ቤቱ ይቅረብ ብሎ አዘዘ፤ ቀረበ፤ ጋሼም መሰከሩ። በእነዚያ ወራት የቤት ኪራዬን የከፈለችልኝን የአክስቴን ልጅ ድንግል ትክፈላት። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ከስድስት ወር ውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ መጋዘኔ እንድመለስ ተፈረደልኝ።

ያን ሌሊት የተናገርሁትን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ኢዮብም ተናግሯል፤ ንስሐሽ ግን ለዚያ ሰው መጸለይ ነው» አሉኝ። ይህ ከክሱ ይልቅ ከበደኝ። «የሐሰት ምስክሮች ተነሡብኝ» የሚለውን መዝሙር ስደግም የአለቃዬ ፊት ይመጣብኛል፤ ስማቸው ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰር ነበር። ለሳምንታት ዘልዬው አለፍሁ።

ግንቦት 21 ቀን እናቴ የተሳለችውን ጥላ ይዘን በሰላ ድንጋይ በኩል ጻድቃኔ ማርያም ወረድን። ጠበል ተጠምቀን ስንወጣ ለጸሎት ስም የሚጽፉ ካህን አገኘን። የእናቴን፣ የልጄን፣ የጋሼን፣ የሊቀ መንበሩን አስጻፍሁ። ከዚያ የአለቃዬን ስም ጠራሁ። ካህኑ «ክርስትና ስሙስ?» አሉኝ።

«አላውቀውም፣ አባቴ» አልሁ።

«እርሷ ታውቀዋለች» ብለው ጻፉት።