ሳህኑን ገልብጡት

ዛሬ ቅዳሜ፣ ፓንጂያዩዋን። ገና ሳይነጋ በባትሪ ብርሃን ዕቃ የሚገላበጥበት የቤጂንግ አሮጌ ዕቃ ገበያ። ሻጩ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ "የቺየንሎንግ ዘመን ነው" (በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠ የቻይና ንጉሠ ነገሥት) እያለ ካልኩሌተሩ ላይ 1800 ዩዋን ጽፎ ለአንዲት ገዢ አሳያት። አልተከራከረችም። ጎድጓዳ ሳህኑን ገለበጠች፣ እርጥብ ሶፍት አውጥታ መቀመጫውን ፈተገችው። ሶፍቱ ቡናማ ሆነ። ካልኩሌተሩ ወዲያው 150 አለ።

ከስር ያለው የንጉሥ ማኅተም ብዙም አይነግርም፤ የማኅተሙን ስድስት የቻይንኛ ፊደል ማንም ይጽፈዋል። ጉዱ ያለው ሳህኑ በሚቆምበት፣ በመቀመጫው ቀለበት ላይ ነው። የሚያብለጨልጨው ሽፋን እዚያ ስለማይደርስ ሸክላው ራቁቱን ነው፤ አስመሳዮቹ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ወይም የጫማ ቀለም የሚያጠጡት ለዚህ ነው። ቀለም ባይለቅስ? ጣት ያዙሩበት። ዘመን የበላው ይለሰልሳል፣ አዲሱ ይቧጭራል። ጭረቱንም ባትሪ በአግድም አብርተው ይዩት፤ የእውነቱ በየአቅጣጫው የተመሰቃቀለ ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት ግን ባንድ መስመር ይሄዳል።

(እውነተኛ ቢሆንም ሌላ ጣጣ አለው፦ ከ1911 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቅርስ ከቻይና ማውጣት ክልክል ነው።)

ሴትየዋ በ60 ዩዋን ወሰደችው። ለሽንኩርት ማስቀመጫ።