ኮምፕረሰር ፍለጋ አዳማ ወርጄ

ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ እጠግናለሁ። አዎ፣ ሳቁ። ሁሉም ይስቃል። «እዚያ አገር ሥጋውን በረንዳ ላይ ማሳደር አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። ሥራው ግን አለ። ሰሞኑን የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪዘር ኮምፕረሰሩ ተቃጠለ። አዲስ አበባ የጠሩልኝ ዋጋ ራሴን ሲያዞረኝ፣ አንድ ወዳጄ አዳማ ያገለገለ ግን ደህና ዕቃ እንዳለ ነገረኝና ተነሣሁ። የእህቴም ልጅ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ይማራል፤ በዚያው አየዋለሁ አልኩ።

ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ ከዚያ በፈጣን መንገዱ አዳማ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ካፖርቴ ውስጥ እንደ ድንች ተቀቅያለሁ።

ሆቴሉን ግን ሳልናገር አላልፍም። በስልክ 900 ብር የተባልኩት አልጋ ስደርስ 1,300 ሆነ። «ቬንትሌተር ስላለው ነው ጋሼ» አለችኝ ልጅቷ። ከፈልኩ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የ400 ብሬ ቬንትሌተር ጣሪያው ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። መስኮት ብከፍት ቢምቢ፣ ብዘጋ ምድጃ። እኛ አገር እኮ ሰው በብርድ ነው እንቅልፍ የሚያጣው፣ እሱም ብርድ ልብስ ሲደርቡበት ያልፋል፤ ለሙቀት ምን ይደረባል? በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ዘበኛው አገኘኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ የራሱን ፍራሽ ጎትቶ በረንዳው ላይ አነጠፈልኝ። «እኔ እንደሆነ አልተኛም፣ ሥራዬ ነው» አለ። ጠዋት 100 ብር ብሰጠው አልወስድም ብሎ ሻይ ብቻ ጋብዘኝ አለ።

የእህቴ ልጅ ጁስ ቤት ቀጠረኝ። አቮካዶው ሳይመጣ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይዩት እስቲ።»

የወርቅ ቀለም ያለው፣ ሳህን በሳህን ላይ የተንጠለጠለ፣ ቱቦና ሽቦ የወረረው ነገር ነው። የሠርግ አዳራሽ መብራት መሰለኝ። ኳንተም ኮምፒውተር ነው አለኝ። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን ቱቦዎቹን አወቅኳቸው።

«ይሄማ ፍሪጅ ነው!»

ልጁ ሳቀ። እውነትህን ነው አለ። ኮምፒውተሩ ከታች ያለችው ትንሽ ቺፕ ብቻ ናት፣ ሌላው ሁሉ ማቀዝቀዣ ነው። እኛ የምናውቀው ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ይሠራል፤ የዚህኛው ትንሹ የስሌት ክፍል፣ ኩቢት የሚሉት፣ ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይይዛል። ችግሩ፣ ትንሽ ሙቀት ከነካው ቅልቅሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ጉግልና አይቢኤም ኩቢቱን ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ግጭት ከሚያልፍበት ብረት ይሠሩና ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ድረስ ያወርዱታል፤ ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል በመቶኛ ዲግሪ ከፍ ቢል ነው። ጠፈር እንኳ ከወለሉ በ2.7 ዲግሪ ይሞቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ስኮራ ኖሬ አፈርኩ።

«ጋዙ ምንድን ነው?» አልኩት። ሌላ ምን ልጠይቅ?

ሂሊየም። ያውም ሁለት ዓይነት። በኛ ፍሪጅ ፈሳሹ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእነሱ ደግሞ ቀላሉ ሂሊየም 3 ከከባዱ ሂሊየም 4 ጋር ሲቀላቀል ነው ሙቀት የሚወስደው። ሂሊየም 3 እንደ ልብ አይገኝም፣ በብዛት የሚመጣው ለኑክሌር መሣሪያ ከሚመረተው፣ ትሪቲየም ከሚባለው የሃይድሮጅን ዓይነት ነው። እኔ እዚህ አንድ ሲሊንደር ጋዝ ተወደደ እያልኩ አለቅሳለሁ።

አይቢኤም በ2023 ባለ 1,121 ኩቢት ቺፕ አሳይቷል። ልጁ ግን በብዛቱ አይደነቅም። የጉግሉ ዊሎው የተባለው ቺፕ በ2024 የወጣ፣ 105 ኩቢት ብቻ ያለው ነው፤ ኩቢቶቹን በቡድን እያሰፉ ሲያስተባብሯቸው ስህተቱ በየደረጃው በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ብዙ ሆኖ አለመሳሳት ነው ቁም ነገሩ አለኝ።

የተከራከርነው በሌላው መንገድ ላይ ነው። አዮንኪውና ኳንቲኑም የሚባሉ ኩባንያዎች አቶም ራሱን ኩቢት ያደርጋሉ። አየር በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ አንሳፈው ይይዙትና በሌዘር ያቀዘቅዙታል። በብርሃን! ሃያ ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ብርሃን ሲያሞቅ እንጂ ሲያቀዘቅዝ አላየሁም። ልጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉትን የነፋስ ማመንጫዎች በአገጩ አሳየኝ።

«እዚያ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታዎት ብስክሌት ቢነዱስ?»

«እዝላለሁ።»

«ሙቀት ማለት የአቶም ሩጫ ነው ጋሼ። የሌዘሩን ቀለም የሚመርጡት ወደ እሱ የሚሮጠውን አቶም ብቻ እንዲገፋ ነው። ሲዝል በረደ ማለት ነው።»

ዋጥኩት። እንዲያውም ከሁሉ ይሄኛው ተመቸኝ። አቶም ተፈጥሮ የሠራችው ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይለይም። ኮምፕረሰር ግን ከአንድ ካርቶን ሁለት አውጥተህ አንዱ ዓመት ይሠራል፣ አንዱ በወሩ ይጮሃል። ልጁ ግን ሥራው ከቺፖቹ ይልቅ ዘገምተኛ ነው ብሎ ቅር አለው። ብርሃኑን ራሱን ኩቢት የሚያደርጉም አሉ፣ ፍሪጅ አያስፈልገንም የሚሉ። ሆኖም የብርሃን ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ የሚቆጥረው መሣሪያ መቀዝቀዝ አለበት። ይህን ስሰማ ጠረጴዛውን መታሁት። ሥራ አላጣም!

ከሰዓት ኮምፕረሰሩን አገኘሁ። ዋጋውን አልናገርም፣ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሊያነበው ይችላል። ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ለዕቃው 150 ብር ጨምር ስላለኝ እልህ ይዞኝ እስከ ቃሊቲ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።

ማታ 3 ሰዓት ደብረ ብርሃን ስገባ ባለ ሥጋ ቤቱ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ዛሬውኑ ካልገጠምክልኝ አለ። የጉግል ፍሪጅ እንኳ ለመቀዝቀዝ ቀናት ይፈጅበታል አልኩት።

«ሥጋዬስ?»

«በረንዳ ላይ አሳድረው።»