ኮንትራን ያለ 30 ነፍስ እንዴት ጨረስኩት

ኮንትራ የሚባለውን የኮናሚ ኩባንያ የተኩስ ጌም የተጫወተ ሁሉ ኮዱን ያውቀዋል። ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ስታርት፤ 3 የነበረው ነፍስ 30 ይሆናል። ኮዱን የፈጠረው የኮናሚው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ግራዲየስ የሚባለውን ሌላ ጌም ለቤት ማሽን ሲያዘጋጁ ጌሙ ስለከበደው፣ እየሞከረ ለማለፍ እንዲመቸው ብሎ አስገባው። እኔም ለዓመታት የተጫወትኩት በኮድ ነበር። በ30 ነፍስ ግን መጨረሻውን ታያለህ እንጂ ጌሙን አታውቀውም። ስለዚህ በ3 ነፍስ ብቻ፣ ኮንቲኒው ሳልነካ፣ 8ቱንም ደረጃ ለማለፍ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ቴሌቪዥኑን ነው። ፍላት ስክሪን ምስሉን ሲያሳምር ያዘገየዋል፤ ኤን ተጭነህ ሰውየው የሚዘለው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ጌም ሞድ ካበራሁ በኋላ እጄና ስክሪኑ ተስማሙ። ኮንትራ ውስጥ አንድ ጥይት ነፍስ ስለሚወስድ ይህቺ መዘግየት ቀላል አይደለችም።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት መጀመሪያው ደረጃ፣ ጫካው ላይ ነው። መድፎቹና ተደብቀው የሚተኩሱት ወታደሮች ቦታቸው አይቀየርም፤ ሯጮቹ ግን ማለቂያ የላቸውም። ቆመህ ብትጠብቅ ከግራም ከቀኝም እየመጡ ይከቡሃል። እኔም መድፍ ያለበት ቦታ ሳልደርስ ማነጣጠርን፣ ከመታሁት በኋላ ደግሞ ወዲያው መራመድን ልማድ አደረግኩ። መሬት ላይ መተኛት በቆመ ሰው ቁመት የሚመጣውን ጥይት ሁሉ ያሳልፋል፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ ታች ስትጫን ትጠልቃለህ፣ ምንም አይነካህም። ዝላዩ ከፍታው ሁሌ አንድ ነው፤ አየር ላይ ሆነህ ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም መመለስ ትችላለህ። ብዙ ጊዜ ያተረፈኝ ይህ ነው፤ ዘልዬ ጥይቱን ካየሁ በኋላ የማርፍበትን ቦታ እቀይራለሁ።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ኤስ የሚል ፊደል ያለበትን የሚያህል የለም። አምስት ጥይት በትኖ ይተኩሳል፤ ስትጠጋ አምስቱም አንድ ቦታ ያርፋሉ። በዚያ ላይ ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ጥይት የተወሰነ ስለሆነ፣ ከቅርብ ስትተኩስ ጥይቱ ቶሎ እየመታ ይጠፋና ቶሎ ትደግማለህ። የጫካው መጨረሻ ላይ ያለውን ግንብ ሥሩ ድረስ ተጠግቼ የምመታው ለዚህ ነው። ኤል፣ ጨረር የሚተኩሰው፣ ሲመጣ ግን እተወዋለሁ፤ መተኮሻውን ቢን ደጋግመህ ከተጫንክ የተኮስከው ጨረር ሳይደርስ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስትሞት መሣሪያህም አብሮ ስለሚሄድ፣ ኤስ ይዞ መሞት ሁለት ጊዜ መሞት ነው።

ሰውየው ከጀርባ የሚታይባቸው ሁለቱ ቤዞች ብዙ አላስቸገሩኝም። ፏፏቴው ግን ሌላ ነው። ስክሪኑ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይመለስም፤ አሁን የቆምክበት ድንጋይ ከስክሪኑ ከወጣ በኋላ ብትወድቅ ሞትክ። እዚህ ቀስ ማለት ያዋጣል። በረዶው ላይ ከሰማይ የሚወርዱትን ቦምቦች እያዩ መራመድ ነው።

7ኛው ደረጃ፣ ሃንጋሩ፣ ብዙዎች ኤስን የሚያጡበት ነው። ከጣሪያ የሚወርዱት ጥፍሮች ምት አላቸው። ወደ ላይ ሲመለሱ ነው የሚታለፈው። ከመሬት የሚበቅሉት እሾሃማ ግድግዳዎች ደግሞ በጥይት ይፈርሳሉ፤ ከሩቅ ጀምሮ መተኮስ እንጂ ሲጠጉ መዝለል አያዋጣም። እኔ ይህን ደረጃ ለብቻው ደጋግሜ ስለተለማመድኩት ዋናው ቀን ላይ ኤስን ይዤ ወጣሁ። ኤስ ካለህ የመጨረሻው ጠላት፣ ልቡ፣ ከባድ አይደለም፤ ዙሪያውን ከሚፈለፈሉት ጋር ጊዜ ሳታጠፋ ልቡን ብቻ መምታት ነው።

አሁን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ሆነን፣ አሁንም ያለ ኮድ፣ ይዘነዋል። ፏፏቴው ላይ ቀድሞ የወጣው ስክሪኑን እየጎተተ ከታች ያለውን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው፣ እኔ ከታች «ውጣ» ሳልለው አይዘልም። እስካሁን የደረስነው በረዶው ድረስ ነው።